ዮኮሃማን በአንድ ሌንስ፦ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ

ለሥልጠና ጃፓን ደርሶ ከተመለሰ ሰው ጋር ሲያወሩ የዮኮሃማ ስም መነሣቱ አይቀርም። ጃይካ በሚል አጭር ስሙ የምናውቀው የጃፓን የትብብር ድርጅት አንዱ ማዕከሉ እዚያ፣ ወደቡ ዳር ነው። የአፍሪካ መሪዎች የሚጠሩበት የቲካድ ጉባኤም በ2008፣ በ2013፣ በ2019 እና በ2025 ዮኮሃማ ላይ ተካሂዷል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ሰዓቱ ግን የእኛው ነው።) ከሰኞ እስከ ዓርብ ሥልጠና ነው። ቅዳሜ ሲነጋ ሰው ሁሉ ወደ ቶኪዮ ይጎርፋል።

ካሜራ ለመጀመር ያሰበ ሰው ግን ዮኮሃማ ቢቀር ይሻለዋል። የሚያምረው የከተማዋ ክፍል በእግር ይዳረሳል። ወደቡ ወደ ምሥራቅና ሰሜን ምሥራቅ ስለሚመለከት ፀሐይ ከባሕር በኩል ወጥታ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ትገባለች፤ ስለዚህ ብርሃኑ በየሰዓቱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ደግሞም የፎቶግራፍ ሥራ በጃፓን ሥር ከሰደደባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሺሞኦካ ሬንጆ የተባለው ፎቶ አንሺ ስቱዲዮውን እዚህ የከፈተው በ1862 ነው፤ ጣሊያናዊው ፌሊቼ ቤያቶ በዓመቱ ተከተለው። ለሬንጆ የቆመ የመታሰቢያ ድንጋይ ባሻሚቺ በሚባለው ሰፈር አለ፤ በዚያ ካለፉ ቆም ብለው ይዩት።

ከታች የምነግርዎ ሁሉ በአንድ እምነት ላይ የቆመ ነው፦ ትንሽ ዕቃ ይያዙ፤ የሚሄዱበትን ቦታ ከመምረጥዎ በፊት የሚሄዱበትን ሰዓት ይምረጡ።

ካሜራው

በመጀመሪያው ቅዳሜ ምንም አይግዙ። በስልክዎ ብቻ ወጥተው ያንሱና ማታ ላይ ፎቶዎቹን ይዩ። ስልኩ የት ላይ እንዳቃተው ያስተውሉ። በማታ ብርሃን ከሆነ፣ ወይም የሰውን ፊት ከጀርባው ለይቶ ማውጣት ካቃተው፣ ካሜራ መግዛትዎ ምክንያት አለው። ሁሉም ደኅና ከወጣ ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

ለመግዛት ከወሰኑ መስታወት የሌለው፣ በተለምዶ «ሚረርለስ» የሚባለው ዓይነት ይሁን፤ ሴንሰሩም ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መካከለኛ መጠን ይበቃል። የካኖን አር50፣ የኒኮን ዜድ50፣ የፉጂፊልም ኤክስ-ቲ30፣ የሶኒ ኤ6400፣ ሁሉም ለጀማሪ ከበቂ በላይ ናቸው። በእነዚህ መካከል ሲያማርጡ ሳምንታት የሚያባክኑ ሰዎች አሉ። እኔ የምመክረው እጅዎ ላይ ገብቶ የሚመቸውን እንዲወስዱ ነው። ጣትዎ የመተኮሻውን ቁልፍ ሳይፈልግ የሚያገኘው ከሆነ እሱ የእርስዎ ነው።

ሌንሱ ላይ ግን ቆም ብለው ያስቡ። ከካሜራው ጋር ተያይዞ የሚሸጠው ትንሹ ዙም በቀን ብርሃን አይከፋም፤ ሲመሽ ግን ይዳከማል። በእሱ ፈንታ ወይም ከእሱ ሌላ ዙም የማያደርግ፣ ከ23 እስከ 30 ሚሊሜትር የሆነ አንድ ሌንስ ይግዙ። ክፍተቱን የሚናገረው ቁጥር 2.8 ወይም ከዚያ ያነሰ ይሁን፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ዙም አለመኖሩ መጀመሪያ ያናድዳል። ነገሩን ማስጠጋት ሲፈልጉ መራመድ አለብዎት፤ ሲራመዱ ደግሞ ከጎኑ ያለው ምሰሶ፣ ከኋላው የተሰቀለው ሽቦ፣ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቦታ ሲለዋወጥ ያያሉ። ፎቶ ማቀናበር የሚለመደው በዚህ ነው። ረጅሙን፣ ክንድ የሚያክለውን ሌንስ ሱቅ ይተዉት። ጎብኚዎች እሱን ተሸክመው ሲንከራተቱ ባየሁ ቁጥር ለትከሻቸው አዝናለሁ።

አዲስ ከፈለጉ ዮኮሃማ ጣቢያ አጠገብ ትልቁ ዮዶባሺ ካሜራ አለ፤ እንደ ልብዎ እየነካኩ መሞከር ይችላሉ። ያገለገለ ለመግዛት ኪታሙራ የሚባለው ባለብዙ ቅርንጫፍ ሱቅ፣ ወይም ቶኪዮ ሺንጁኩ ያለው ማፕ ካሜራ ጥሩ ናቸው። ጃፓን ውስጥ ያገለገለ ዕቃ መግዛት እንደ እኛ አገር ልብ አያንጠለጥልም። ዕቃው ኤ፣ ኤቢ፣ ቢ እየተባለ ደረጃ ይሰጠዋል፤ ጭረቱ ሳይቀር ወረቀት ላይ ተጽፎ ይቀመጣል። ቢ ደረጃ ለጀማሪ ምንም አይልም። «ጃንኩ» ተብሎ በቅርጫት የተከመረውን ግን በዋጋው ተታለው አያንሱ፤ ቢበላሽ መመለስ የለም።

ያገለገለ ሌንስ ሲገዙ ይህችን ያድርጉ። ሻጩን አስፈቅደው የሌንሱን የፊትና የኋላ ክዳን ያንሱ። የስልክዎን መብራት ከኋላ በኩል አብርተው ከፊት ሆነው፣ ሌንሱን ወዲያ ወዲህ እያዘነበሉ ወደ ውስጥ ይመልከቱ። ጥቂት የአቧራ ብናኝ ቢያዩ አይደንግጡ፣ ፎቶ ላይ አይታይም። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ነጭ ክር ከመስታወቱ ጠርዝ ወደ መሐል ሲዘረጋ ካዩ ግን ሻጋታ ነው። የጃፓን ክረምት ወበቃም ስለሆነ ይህ ችግር የተለመደ ነው፤ ሻጮቹ «ካቢ» ይሉታል። መስታወቱ በሙሉ ስስ ጉም የለበሰ ከመሰለ ደግሞ «ኩሞሪ» ነው። ሁለቱም ቢሆኑ አመስግነው ይመልሱ። ቀጥሎ ሌንሱን ካሜራ ላይ ገጥመው አንድ ቅርብና አንድ ሩቅ ነገር ላይ ፎከስ ያድርጉ፤ ሳይንቀጠቀጥና ሳይንተባተብ ከያዘ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሸወድበት አንድ ነገር አለ። ሶኒ ለጃፓን ገበያ የሚያቀርባቸው ካሜራዎች አብዛኞቹ ማውጫቸው በጃፓንኛ ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ አይጨመርባቸውም። ከሌሎች ኩባንያዎች አዳዲስ ሞዴሎችም እንዲህ ያሉ አሉ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት ካሜራውን አስከፍተው የቋንቋ ምርጫው ውስጥ እንግሊዝኛ መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። የሻጭ «አዎ» ብቻውን አይበቃም። የዋስትና ወረቀቱም ጃፓን ውስጥ ብቻ የሚሠራ ሊሆን ስለሚችል ይጠይቁ።

ዋጋው ላይ 10 በመቶ የፍጆታ ታክስ አለ። ለአጭር ጊዜ የመጡ ጎብኚ ከሆኑ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ቢያንስ የ5,000 የን ዕቃ ሲገዙ ፓስፖርትዎን አሳይተው ከዚህ ታክስ ነፃ መሆን ይችላሉ። ከኖቬምበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ አሠራሩ ይለወጣል፦ ታክሱን ጨምረው ይከፍሉና ሲወጡ ጉምሩክ ዕቃውን ካረጋገጠ በኋላ ይመለስልዎታል። በየትኛውም መንገድ ደረሰኙን አይጣሉ።

የቀረው ትንሽ ዕቃ

ሁለተኛ ባትሪ ግዴታ ነው፤ ሚረርለስ ካሜራ ባትሪ ይበላል፣ በብርድ ደግሞ ይብሳል። ባለ 64 ጊጋባይት ሚሞሪ ካርድ ሁለት ይግዙ። አንድ ትልቅ ካርድ ከጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ከዚህ ሌላ የአየር መንፊያ ጎማ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅና የእጅ አንጓ ማሰሪያ ይበቃል። መጥረጊያውን፣ ትንንሽ ከረጢቱንና እርጥበት የሚመጥጡትን ጥቃቅን ፓኬቶች በ100 የን ሱቆች ያገኛሉ። የካሜራ ቦርሳ ብለው ልዩ ነገር አይግዙ፤ የተለመደው የጀርባ ቦርሳዎ ውስጥ ካሜራውን በፎጣ ጠቅልሎ መያዝ ይቻላል። ባቡር ላይ ሲወጡ ቦርሳውን ወደ ደረትዎ ያዙሩት፤ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ትራይፖድ አልመክርም። ይከብዳል፣ በብዙ ግቢዎች ይከለከላል፣ የሰውም መንገድ ይዘጋል። ካሜራውን አጥር ወይም አግዳሚ ወንበር ላይ አስደግፎ የ2 ሰከንድ ቆጣሪ ማስጀመር ለአብዛኛው የማታ ሥራ ይሆናል። ፍላሽም ይቅር።

የጃፓን የኤሌክትሪክ ኃይል 100 ቮልት ነው፣ ሶኬቱም ሁለት ጠፍጣፋ እግር የሚቀበል ነው። ቻርጀርዎ ላይ «100–240» የሚል ካለ ሥጋት የለም፤ የሚያስፈልግዎ ማያያዣ ብቻ ነው። እዚያ የገዙት ቻርጀር ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ማያያዣ ይፈልጋል።

ሳይወጡ በፊት ካሜራውን ማዘጋጀት

መምረጫው ላይ «ኤ» ወይም «ኤቪ» የሚለውን ይያዙ። የሌንሱን ክፍተት እርስዎ ይመርጣሉ፣ ፍጥነቱን ካሜራው ይመርጣል። አይኤስኦውን፣ ማለትም ለብርሃን ያለውን ንቃት፣ ካሜራው ራሱ እንዲመርጥ ይተዉት፤ ጣሪያው ግን 6400 ይሁን፣ ዝቅተኛው ፍጥነት ደግሞ 1/125። ፎቶውን በሮው (ካሜራው ባላቀነባበረው ጥሬ ፋይል) እና በጄፔግ በአንድ ላይ እንዲያስቀምጥ ያድርጉ። ሮውን አሁን ባይጠቀሙበትም ከአንድ ዓመት በኋላ ይፈልጉታል።

ከዚያ የሚማሩት አንድ ቁልፍ ብቻ ነው፦ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበት፣ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርገው። ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጭ መርከብ ፊት ለፊት ሲቆም ያጨልመዋል፤ አንድ ደረጃ ይደምሩ። ጥቁር ጣሪያ ሲያይ ያነጣዋል፤ ይቀንሱ። የጠይም ሰው ፊት ከደማቅ ሰማይ ፊት ለፊት ካቆሙ ፊቱ ጥላ ይሆናል። የሥልጠና ጓደኞችዎን ወደብ ላይ ሲያነሱ የሚያጋጥምዎ ይኸው ነው፤ ሳይፈሩ አንድ ወይም አንድ ተኩል ደረጃ ይደምሩ። ሰማዩ ይነጣ፣ ሰው ይታይ።

ሰዓት መምረጥ

እኛ ቀንና ሌሊቱ ከሞላ ጎደል እኩል በሚሆንበት አገር ስላደግን ይህ ነገር ይረሳናል፤ የጃፓን ቀን ግን እንደ ወቅቱ ይለጠጣል፣ ያጥራል። ዮኮሃማ ውስጥ በጁን ፀሐይ የምትወጣው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ የምትገባው ከምሽቱ 1 ሰዓት። በዲሴምበር ደግሞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ወጥታ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ከሥልጠና ወጥተው በዲሴምበር የፀሐይ መጥለቂያ ማንሳት አይችሉም፤ ሲደርሱ ጨልሟል። በጁን ግን ራት በልተው ይደርሳሉ።

ሁለት ሰዓቶች ይበቃሉ። አንደኛው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ ከባሕር በኩል መጥቶ የወደቡን ሕንፃዎች ፊት ለፊት ይመታቸዋል፤ መንገዱም ባዶ ነው። ሁለተኛው ፀሐይ ከገባች በኋላ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ድረስ ያለው ነው፤ ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ መብራቱ ይበራል። ከዚያ በኋላ ሰማዩ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ፎቶውም ይደርቃል። የቀኑ አጋማሽ ምሳ መብያና ሙዚየም መግቢያ ነው።

ሌላው ልብ የማይባል ነገር ሚናቶ ሚራይ የሚባለው የሰማይ ጠቀሶች ሰፈር የቢሮ ሰፈር መሆኑ ነው። ቅዳሜና እሑድ ማታ መስኮቶቹ ግማሽ በግማሽ ጨለማ ናቸው። የማታ ፎቶውን ዓርብ ማታ፣ ሠራተኛው ቢሮ ሳለ ያንሱት። በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር 24፣ ሕንፃዎቹ ተስማምተው መስኮታቸውን በሙሉ የሚያበሩበት ምሽት አለ። ያኔ ከተማው ውስጥ ካሉ አይቅሩ፤ ቦታ ለመያዝ ግን ቀደም ብለው ይድረሱ።

የመጀመሪያው መውጫ፦ የወደቡ መንገድ

ሳኩራጊቾ ጣቢያ ላይ ይውረዱ። ከፀሐይ መግቢያ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድመው ቢነሱ ይደርሳሉ።

መጀመሪያ ኒፖን ማሩ የተባለችው ነጭ የሸራ መርከብ ቆማ ያገኟታል። በ1930 የተሠራች የባሕረኞች ማሠልጠኛ ነበረች። አብዛኛውን ቀን ምሰሶዎቿ ባዶ ናቸው፤ በዓመት ጥቂት ቀናት ግን ፈቃደኞች ወጥተው 29ኙን ሸራ በሙሉ ይዘረጋሉ። ቀኖቹን መርከቧን የሚያስተዳድረው ሙዚየም አስቀድሞ ያስታውቃል፤ ከእርስዎ ቅዳሜ ወይም እሑድ ጋር ከገጠመ ዕድለኛ ነዎት።

ከመርከቧ አልፎ ኪሻሚቺ የሚባለው የእግር መንገድ ይጀምራል። የቀድሞ የጭነት ባቡር መሥመር ነበር፤ ከ1997 ጀምሮ እግረኛ ይሄድበታል፤ ሐዲዱ ግን ወለሉ ውስጥ እንዳለ ቀርቷል። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ የብረት ድልድዮች ያቋርጣሉ። እዚህ በርከክ ይበሉ፤ ካሜራውን ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርገው ሐዲዱ ከፎቶው የታችኛው ጥግ ተነሥቶ ወደ ሩቁ እንዲሄድ ያድርጉ። በቁመትዎ ሆነው ያነሱትን ከዚህኛው ጋር ያወዳድሩ፤ ልዩነቱን ማንም ሳይነግርዎ ያዩታል። ከራስዎ በላይ ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው የኬብል መኪና ይመላለሳል፤ ያበላሻል ብለው ያሰቡት ቦታ ላይ ሲደርስ ጠብቀው ቢያስገቡት ፎቶውን ያድነው ይሆናል።

መንገዱ ሲያልቅ መሐሉ እንደ በር የተከፈተ የሆቴል ሕንፃ አለ። በክፍተቱ ውስጥ ሩቅ ያሉት ቀይ የጡብ መጋዘኖች ይታያሉ። ወደ ግራና ቀኝ አንዳንድ እርምጃ እየተንቀሳቀሱ መጋዘኑ ከክፍተቱ መሐል የሚገጥምበትን ነጥብ ይፈልጉ። ሰው በዚያ ሲያልፍ ጠብቀው ይተኩሱ፤ ሰው ሲገባበት ያ ትልቅ ክፍተት ምን ያህል እንደሆነ ይታያል።

መጋዘኖቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው በ1911፣ ሌላኛው በ1913 ያለቀ ሲሆን አነስተኛው ያነሰው በ1923ቱ ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ ከፊሉ ስለወደመ ነው። አደባባዩ ላይ አዘውትሮ ባዛርና ድንኳን ስለሚተከል ሙሉውን ሕንፃ ማንሳት ብዙ ጊዜ አይሆንም። ታግለው አይድከሙ። ወደ ግድግዳው ይጠጉና የብረት በሮቹን፣ ሰገነቱን፣ የጡቡን ጥርስ ያንሱ። ጡቡ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ብርሃኑ ሲያዘነብል ቀለሙ ይፈካል።

ከዚያ በባሕሩ ዳር ወደ ኦሳንባሺ ይሂዱ። መንገደኛ መርከቦች የሚቆሙበት ይህ መድረክ አሁን ባለው መልኩ የተከፈተው በ2002 ነው። ጣሪያው በእንጨት ተለብጦ፣ ደረጃ በሌለው ተዳፋት ወደ ላይና ወደ ታች እየጎበጠ ይሄዳል፤ ቀንም ሌሊትም ክፍት ነው፣ ገንዘብም አይጠየቅበትም። ከተማዋ ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን ነው የምመርጠው። ጠዋት ከመጡ ፀሐይ ከጀርባዎ ሆና የሚናቶ ሚራይን ሕንፃዎች ታበራልዎታለች። ማታ ከመጡ ፀሐይዋ በነዚያው ሕንፃዎች ጀርባ ስትወርድ ቅርጻቸው ብቻ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

የማታውን እንዲህ ይሥሩት። ፀሐይ ከገባች በኋላ ካሜራውን ራሱ የእንጨቱ ወለል ላይ ያስቀምጡት፤ ከሌንሱ በታች የታጠፈ መጥረጊያ ጨርቅ አድርገው ትንሽ ቀና ያድርጉት። አሁን «ኤም» የሚለውን ይምረጡ፤ ክፍተቱን 8፣ አይኤስኦውን 100፣ ፍጥነቱን 2 ሰከንድ ያድርጉ። ቆጣሪውን አስጀምረው እጅዎን ያንሱ። ሰው በአጠገብዎ ሲራመድ እንጨቱ ይንቀጠቀጣልና እስኪያልፍ ይጠብቁ። ያነሱት ፎቶ ከጨለመ 4 ሰከንድ፣ ከነጣ 1 ሰከንድ ያድርጉት። የጣውላዎቹ መሥመሮች ከፊት ለፊት ተነሥተው ወደ ከተማው ይሄዳሉ፤ ሰው አሳፍሮ የሚዞረው ትልቁ የመዝናኛ ጎማም መብራቱ ሲዞር ቀለበት ሆኖ ይወጣል። ስለ ጎማው ካነሳን አይቀር፦ 112.5 ሜትር ቁመት አለው፣ መሐሉ ላይ ሰዓት ያሳያል፤ ሰው ሁሉ ለብቻው ያነሳዋል። ለብቻው ሲነሣ የትም አገር ያለ ጎማ ነው። ከከተማው ጋር ያንሱት።

እዚሁ ሳሉ ወለሉ ላይ የሦስቱን ማማዎች ምልክት ይፈልጉ። የወደብ መክፈቻ መታሰቢያው አዳራሽ ማማ «ጃክ» ይባላል፣ የ1917 ሥራ ነው። «ኪንግ» የካናጋዋ አስተዳደር ሕንፃ ነው፣ የ1928። «ክዊን» የጉምሩክ ቤቱ ነው፣ የ1934። ሦስቱን በአንድ እይታ ማየት የሚቻልባቸው ሦስት ነጥቦች አሉ፦ አንዱ ኦሳንባሺ፣ አንዱ የቀይ መጋዘኖቹ ግቢ፣ አንዱ ኒሆን-ኦዶሪ ጎዳና። ሦስቱንም ነጥቦች በአንድ ቀን የዞረ ምኞቱ ይሞላለታል ይላሉ ከተሜዎቹ። ምኞቱ ባይሞላ እንኳ ልምምዱ ጥሩ ነው፤ ምልክቱ ላይ በእርስዎ ሌንስ ማማዎቹ ትንንሽ ሆነው ይታያሉ፣ ስለዚህ ዙሪያቸውን በምን እንደሚሞሉት ማሰብ ግድ ይሆንብዎታል።

ጉልበት ከተረፈዎት ወደ ባሻሚቺ ጣቢያ ሲመለሱ ባንኮኩባሺ የሚባለው ድልድይ ላይ ይቁሙ። ነፋስ ከሌለ ሕንፃዎቹ ከነመብራታቸው ውኃው ላይ ተገልብጠው ይታያሉ።

ሌሎቹ ቀኖች

ሳንኬይኤን ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ሐራ ቶሚታሮ የተባለ የሐር ነጋዴ ያሠራው የአትክልት ሥፍራ ነው፤ ለሕዝብ የተከፈተው በ1906 ነው። ከሳኩራጊቾ በአውቶቡስ ይሄዳሉ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በሩ ሲከፈት ይድረሱ። ኩሬውን አልፎ ኮረብታው ላይ የሚታየው ባለ ሦስት እርከን ማማ በ1457 የተሠራ ነው፤ ከኪዮቶ አካባቢ ተነቅሎ የመጣው በ1914 ነው። ሁሉም ሰው ኩሬው ዳር ቆሞ ያነሳዋል፤ እርስዎም ያንሱት፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተው ከማማው እግር ሥር የጣሪያውን ጠርዝ ወደ ላይ ያንሱ። ሰማዩ ደመና ሆኖ ነጭ ከሆነ ከፎቶው ያስወጡት፤ ካሜራውን ወደ ታች፣ ወደ ውኃውና ወደ ድንጋዩ ያዙሩ። ደመናማ ቀን ለአትክልት ከፀሐያማ ቀን ይሻላል።

ሌላ ቅዳሜ ከሰዓት ያማቴ ኮረብታ ላይ ያሉትን የቀድሞ የአውሮፓውያን ቤቶች ይዩ። መግቢያቸው ነፃ ነው። ከነሱ ቤሪክ ሆል የሚባለው፣ የ1930ው፣ መስኮቶቹ ሰፊ ናቸው። ጓደኛዎን ከመስኮቱ ጎን አስቀምጠው ፊቱን ግማሹን ወደ ብርሃኑ አዙረው ያንሱት፤ የስቱዲዮ መብራት የሚሠራውን ሥራ መስኮቱ ይሠራዋል።

ሲመሽ ከኮረብታው ወርደው የቻይናውያን ሰፈር ይገባሉ። ክፍተቱን 2 ወይም 2.8፣ ፍጥነቱን 1/100 ያድርጉ። 1/100 የምልበት ምክንያት አለኝ፦ በዚህ የጃፓን ክፍል የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 50 ኸርዝ ስለሆነ ከዚያ የፈጠነ ፍጥነት አንዳንድ የማስታወቂያ መብራቶችን በጥቁር መሥመር ይቆራርጣቸዋል። ድምፅ አልባው ኤሌክትሮኒክ ሹተርም እዚህ ይጥፋ። ቆንጆው ነገር የዳቦ መቀቀያዎቹ እንፋሎት ነው። መብራቱ ከእንፋሎቱ ጀርባ እንዲሆን ዞረው ይቁሙ፤ ክዳኑ ሲከፈት ይተኩሱ። ዳቦው ውስጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ጾም ላይ ከሆኑ በእንፋሎቱ ይብቃዎት።

ዝናብ ቢዘንብ ቤት አይቀመጡ። ከጁን መጀመሪያ ገደማ እስከ ጁላይ አጋማሽ የዝናብ ወራት ነው፤ ከማንኛውም የሰፈር ሱቅ ብርሃን የሚያሳልፍ የፕላስቲክ ጃንጥላ ይግዙና የዚያኑ የቻይናውያን ሰፈር መንገድ እርጥቡን አስፋልት ያንሱ። በጁላይና በኦገስት ሙቀት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከቀዘቀዘ ባቡር ወይም ሱቅ ወጥተው ካሜራውን ወዲያው ቢያወጡት ሌንሱ በጤዛ ይሸፈናል። ቦርሳው ሳይከፈት ሩብ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ። ጤዛ ከያዘው አይጥረጉት፣ ሌንሱንም አይንቀሉት፤ ራሱ እስኪጠፋ ይጠብቁ።

ሰውና ሕግ

በጃፓን የሰው ምስል መብት በፍርድ ቤት የታወቀ ነገር ነው። ሰው በሩቁ እንደ መንገዱ አካል ሆኖ ቢገባ ክፋት የለውም፤ ፊቱን አቅርበው ሊያነሱት ከሆነ ግን ይጠይቁ። «ሻሺን ኦ ቶቴ ሞ ኢ ዴስ ካ?» ይበቃል፤ እጁን ፊቱ ላይ ካወዛወዘ እምቢ ማለቱ ነው፣ ጎንበስ ብለው ያመስግኑ። የተማሪ ልጆችን አያንሱ። የሰውን ገላ በድብቅ መቅረጽ ከ2023 ጀምሮ በመላ አገሪቱ በአንድ ሕግ ወንጀል ሆኗል፤ በተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ካሜራውን ወደ ታች አንጠልጥለው አይቁሙ፣ ምንም ባያስቡም ጥርጣሬ ይስባል። ባቡር ጣቢያ ላይ ከቢጫው መሥመር አይለፉ፣ ፍላሽም አያብሩ። መቅደስና ሙዚየም ሲገቡ መጀመሪያ የሚፈልጉት በካሜራ ላይ ቀይ መሥመር የተሰመረበትን ምልክት ይሁን።

ድሮን አይውሰዱ። ከ100 ግራም ጀምሮ ምዝገባ ይጠይቃል፤ ሰው በበዛበት ከተማ ላይ ያለ ፈቃድ ማብረር ክልክል ነው። ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መግባትም ያለ ፈቃድ አይሆንም።

ማደሪያ ሲመለሱ

ከመተኛትዎ በፊት ካርዱን ላፕቶፕ ላይ ይገልብጡ፤ ሁለተኛውን ቅጂ በሌላ ዲስክ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ያስቀምጡ። ሁለት ቦታ ሳይቀመጥ ካርዱን አያጥፉ። ከዚያ አሥር ብቻ ይምረጡ። ከ300 ፎቶ አሥር መምረጥ ያማል፣ ነገር ግን የትኛውን ሰዓትና የትኛውን ርቀት እንደሚወዱ የሚያሳይዎት ይኸው ነው፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ የት እንደሚሄዱም በዚያው ይወስናሉ። የወደዱትን ሁለት ሦስቱን በየመንገዱ ባሉት የሰፈር ሱቆች ማሽን ላይ በጥቂት የን ማሳተም ይችላሉ።

ወደ አገርዎ ሲመለሱ ተጨማሪ ባትሪዎቹ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገቡም። የባትሪዎቹን ጫፍ በፕላስተር ሸፍነው ከካሜራው ጋር በእጅ ቦርሳዎ ይያዟቸው።